በአራተኛው አፍ የቆመው ሰው

ከሸዋ ሮቢት ወደ ምሥራቅ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬደው ቆላ ውስጥ ሰው የሚጣላው በመሬት አይደለም፤ በውሃ ተራ ነው። ከወንዙ የተጠለፈውን ቦይ አያቶች በዶማ ቆፍረውታል። ከግድቡ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ማሳ ዘጠኝ ቦታ ላይ ይከፈታል። መክፈቻዎቹን የአገሩ ሰው «አፍ» ይላቸዋል፤ አንደኛ አፍ፣ ሁለተኛ አፍ እየተባለ እስከ ዘጠነኛው ይቆጠራል። አርባ አንድ አባወራ በእነዚህ አፎች ያጠጣል። ተራው በአሥራ አራት ቀን አንዴ ይደርሳል፤ ሰዓቱ የሚለካው በሰላት ነው። ከሱብሂ እስከ ረፋድ የአንዱ፣ ከረፋድ እስከ ዙህር የሌላው፣ እንዲህ እያለ እስከ መግሪብ። ይህ ሁሉ የተጻፈበት አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልነበረችም። የተጻፈው በሙሄ ልብ ነበር።

ሙሄ የውሃ አባት ነበር፤ ተራ ይደለድላል፣ ጠብ ያበርዳል። አባቱም የውሃ አባት ነበር። ቀጠን ያለ፣ ሲሄድ መሬት መሬት የሚያይ፣ ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነው። ሀብት የለውም። ስም ግን አለው። ሁለት ሰዎች በውሃ ተጨቃጭቀው እጅ ለእጅ ሊያያዙ ሲሉ አንዱ «ሙሄ ይጠራ» ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። «ሙሄ ካለ አለ» ይባላል።

መንገድ ላይ አስቁሞ «ሙሄ፣ የፊታችን ሰኞ ከዙህር በኋላ ስድስተኛው አፍ የማን ነው?» የሚለው ሰው ቢመጣ፣ ሙሄ ዓይኑን ከደን ያደርጋል። ከዚያ በልቡ ከግድቡ ይነሣና ቦዩን ይዞ ይወርዳል። በአንደኛው አፍ ዋንዛው ሥር አንዱ ጆሮውን እያከከ ቆሟል። በሁለተኛው ሌላው አንከስ እያለ ድንጋይ ያነሣል። በሦስተኛው አንዱ ቆሞ ያስላል። በአራተኛው ከሮቃው ዛፍ ሥር የእህቱ ባል አብዱረሂም ሽርጡን ወደ ላይ አጥፎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በአካፋው ላይ አጎንብሷል። እንዲህ እያለ ስድስተኛው ድረስ ይሄድና እዚያ የቆመውን ሰው አይቶ ስሙን ይናገራል። አባቱ ያስተማረው ይህን ነው። «ስም ይጠፋል፤ ቦታ አይጠፋም። ሰውየውን ቦታው ላይ አቁመውና ሂድ፤ ስትመለስ ታገኘዋለህ» ብሎታል።

ተራ መዋዋስም ነበር። የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት ሰው ውሃውን ለጎረቤቱ ይሰጣል። ሁለቱም መጥተው ለሙሄ ይነግሩታል፤ እሱም የለበሰውን ጋቢ ጫፍ አንድ ጊዜ ይቋጥራል። ተራው ሲያልፍ ይፈታዋል። በልቡ ቦይ ላይ የቆሙትን ሰዎች ግን አያነቃንቃቸውም። ለአንድ ቀን እንግዳ ብሎ ማን ቤቱን ያፈርሳል?

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ መንደሩ ሲገባ፣ ደምመላሽ የሚባል ወጣት መምህር ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ መጣ። ቀን ልጆች ያስተምራል፣ ከአስር ሰላት በኋላ ጎልማሶችን በዳስ ፊደል ያስቆጥራል፤ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሰው ወደደው። ሙሄ ግን ፊደል ለመቁጠር አልመጣም። መጥቶ ከዳስ ውጭ ይቀመጥና ያያል።

«ጋሽ ሙሄ፣ ለምን አይገቡም?» አለው መምህሩ አንድ ቀን።

«ፊደል ለሚረሳ ሰው ነው። ዓይን ላለው ሰው ከዘራ ትሰጣለህ?»

ዳሱ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቀና፣ «እሺ፣ እንፈትንዎ» አለ። ወረቀት አወጣ። «ጥቂት ቃላት አነባለሁ። ስጨርስ ይደግሙልኛል።»

ቀስ እያለ አነበበ። ቀንበር፣ ሞፈር፣ ማረሻ፣ ዕርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን፣ ማነቆ፣ ጅራፍ፣ ትልም፣ ጭድ፣ በረት። ሙሄ ዓይኑን ከድኖ ይሰማል። ቀንበሩን በአንደኛው አፍ ዋንዛው ላይ ሰቀለው፣ ሞፈሩን በሁለተኛው ላይ እንደ ድልድይ አጋደመው። መምህሩ ሲጨርስ ዓይኑን ሳይገልጥ ቦዩን ይዞ ወረደ፤ አንድ ሳይስት ተናገረ። አሥራ ሁለቱም ወጡ። ዳሱ አጨበጨበ። ሙሄ ግን እጁን አነሣና፣ «ቆዩ፣ አንድ ቀርቷል። በሬ» አለ።

መምህሩ ወረቀቱን አየ። «በሬ አላነበብሁም፣ ጋሽ ሙሄ።»

«አንብበሃል እንጂ። በሰባተኛው አፍ ሾላው ሥር አቁሜዋለሁ። ጥቁር ቦቃ ነው፤ የግራ ቀንዱ ዘንበል ያለ።»

«ይኸው ወረቀቱ፤ በሬ የለበትም።»

«ወረቀቱ ረስቶት ይሆናላ!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ሽማግሌ። «መምህር፣ በሬውን አምጣ! ሰርቀኸው እንደሆነ ነው እንጂ ሙሄ አይረሳም!»

ሳቁ ዳሱን አናወጠው። መምህሩ ሲረጋጉ ጠብቆ ለሙሄ ብቻ በሚመስል ድምፅ ተናገረ። «በመምህራን ማሠልጠኛው ስለ ሰው ልቦና የሚያስተምሩን አንድ ትምህርት ነበር። የሰው ልብ ጎደሎ አይወድም ይሉ ነበር። ቀንበርና ሞፈር ሲሰማ በሬውን ራሱ ያመጣዋል። ክፋቱ፣ ራሱ ያመጣውንና ከውጭ የመጣውን አይለያቸውም፤ ሁለቱም እኩል ይታዩታል። እርስዎ አልዋሹም፣ ጋሽ ሙሄ። በሬው ታይቶዎታል።»

ሙሄ ፈገግ አለ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ መምህሩ ያላነበበውን በሬ እንዴት ቦቃ አድርጎ ያየዋል እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ። በመጨረሻ መምህሩ ወጣት ነው፣ ያነበበውን ዘንግቶ ነው ብሎ ተወው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው ነገሩ የመጣው።

ከአራተኛው አፍ ዝቅ ብሎ የማኅበሩ የወል እርሻ አለ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ማሳው ላይ ቆሟል። ለመንግሥት የሚገባው ኮታ ከእሱ ነው። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሴቶች ሊያራግፉ ሲሄዱ ማሳው ኩሬ ሆኖ አገኙት። ነዶው ወድቋል፣ ሰሊጡ ከጭቃው ተለውሷል። ከአራተኛው አፍ የተለቀቀ ውሃ የቦዩን ዳር ደርምሶ ሲፈስ ያረፈደ ይመስል ነበር። በሌላ ዘመን ቢሆን ባለ ተራው ይገሠጻል፣ ይክሳል፣ ያልቃል። በዚያ ዘመን ግን አንድ ቃል መጥታ ነበር፤ አሻጥር። ያቺ ቃል በተጠራች ቀን አጥፊ ካልተገኘ ሁሉም ሰው አጥፊ ይሆናል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አብዱልሃዲ ሰውን በአዳራሹ ሰበሰበ። ቆርቆሮው ይፋጃል። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛ ኋላ፣ መምህር ደምመላሽ ከጎኑ ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀምጠዋል። ማኅበረተኛው መሬት ላይ ነው።

«ጓድ ሙሄ፣ ተነሥ» አለ ሊቀመንበሩ። «ሐሙስ በሱብሂ በቦዩ አልፈሃል?»

«አልፌያለሁ። ግድቡን ለማየት።»

«አራተኛው አፍ ላይ ሰው አየህ?»

«አየሁ።»

እውነቱን ነው፤ አይቷል። ሱብሂን ሰግዶ በማዶው ዳር ሲሄድ፣ ገና ድንግዝግዝ ነበር፤ ከሮቃው ሥር አንድ ሰው አጎንብሷል። ሙሄ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ አለፈ። ባለ ተራ ውሃውን ሲቀበል ማየት ለውሃ አባት ምን ነገር አለው? ልብም አላለው።

«ሐሙስ በሱብሂ አራተኛው አፍ የማን ነው?»

ሙሄ ዓይኑን ከደነ። ወረደ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። «የአብዱረሂም።»

«እንግዲያው ያየኸው አብዱረሂምን ነው።»

በዚያች ቅጽበት፣ ዓይኑ እንደተከደነ፣ ከሮቃው ሥር ያለው ሰው ታየው። ሽርጡ ወደ ላይ ታጥፏል፤ አካፋ ይዟል። እንዴት ጥርት ያለ ነበር! «አዎ፣ አብዱረሂምን አየሁ» አለ።

አብዱረሂም ከመካከል ተነሣ። የወባ ትኩሳት ገና ስላልለቀቀው ከንፈሩ ቆሳስሏል። «ጋሽ ሙሄ፣ አላህን ይፍሩ! ማክሰኞ ገበያ ላይ ብርድ ብርድ እያለኝ መጥቼ ውሃዬን ለጎረቤቴ ለሙሳ ሰጠሁ አላልሁዎትም? ሙሳም ተቀበልሁ አላለም? ሐሙስ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ስንቀጠቀጥ ነው የዋልሁት፤ ሚስቴን ሰይዳን ጠይቋት።»

ሙሄ ማክሰኞን በልቡ ፈለገ። ገበያው ታየው፤ አቧራ፣ ግመል፣ የሽንኩርት ጆንያ። የአብዱረሂም ቃል ግን የለም። ሁሉም እሱን እየተመለከተ ነው። ሙሄ ረሳሁ ብሎ አያውቅም፤ ያቺ ቃል በአፉ ውስጥ አትገባም ነበር።

«አልነገርኸኝም» አለ። «ብትነግረኝ አስታውስ ነበር።»

«ሙሳ!» አለ አብዱረሂም ዞሮ።

ሙሳ አንገቱን ደፍቶ፣ «ምን እንደሚል አላውቅም» አለ።

መምህሩ ጻፈ። የሙሄን አውራ ጣት በቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አስጫነው።

ከዚያ በኋላ ሙሄ ቃሉን ሁለት ጊዜ ሰጠ፤ አንዴ ለወረዳው ፖሊስ፣ አንዴ በአውራጃው። ቃሉ በተሰጠ ቁጥር እየጠራ መጣ። ፖሊሱ «ምን ለብሶ ነበር?» ሲለው ሽርጡ አረንጓዴ ሆነ። አውራጃው ላይ አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ «ፊቱን አይተኸዋል?» ሲለው፣ ለዓመታት በልቡ ቦይ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመው ሰው ቀስ ብሎ ዞረ፤ መፋቂያ በአፉ ይዞ ነበር። ሙሄም «አይቻለሁ፣ መፋቂያ በአፉ ነበር» አለ። አላበለም። እንደዚያ አየዋ።

ታስሮ ወደ አውራጃው የተወሰደው አብዱረሂም አልተመለሰም።

ሰይዳ ወደ ወንድሟ ቤት የመጣችው በማግስቱ ነው። አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ፊቱን አየኸው?»

«አየሁት፣ ሰይዳ።»

«ያን ጊዜ ነው ያየኸው ወይስ ሲጠይቁህ?»

ሙሄ ዓይኑን ከደነ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

«እኔ ራሱን ታቅፌ ነበር» አለች። «በትኩሳት ላብ አልቦ ሦስት ጊዜ ነው ልብሱን የቀየርሁለት። አንተ በማዶ ዳር ስታልፍ አየሁት የምትለው ሰው እቅፌ ውስጥ ነበር። ልብህን ጠይቀው።» ወጣች።

ልቡን ጠየቀው። ሲጠይቀው መልሶ አብዱረሂምን ያሳየዋል። ደጋግሞ ባየው ቁጥር ይበልጥ አብዱረሂም ይሆናል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሙሄ ወደ ገበያ ሊሄድ ለገበያ ብቻ የሚለብሰውን ጋቢ ከግድግዳው አወረደ። ትከሻው ላይ ጣል ሲያደርገው የሆነ ነገር ጉልበቱን መታው። የጋቢው ጫፍ ተቋጥሯል።

ቆመ። ቋጠሮውን በጣቱ ዳሰሰው። ጋቢውን አብዱረሂም ነገርሁ ካለበት ማክሰኞ ወዲህ አልለበሰውም። የቋጠረው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው የእሱን ጋቢ አይቋጥርም። ለማን እንደቋጠረው ግን አላስታወሰም። ባዶ ነበር። አሁን እንኳ፣ ቋጠሮውን በእጁ ይዞ፣ የአብዱረሂም ድምፅ «ለሙሳ ሰጠሁ» ሲለው ሊሰማ ሞከረ፤ ሰማም መሰለው፤ ግን የሰማው በአዳራሹ የተባለውን ይሁን በገበያ የተባለውን መለየት አቃተው። ያን ጊዜ ገባው። ያ መምህር በሬ አላነበበም ነበር።

ገበያውን ትቶ ሙሳ ማሳ ወረደ። ሙሳ ሽንኩርት ይኮተኩታል። ከሙሄ በዕድሜ ጥቂት ይበልጣል፤ ስድስት ልጆች አሉት።

«ሙሳ፣ ይኸን አየህ?» ጫፉን ዘረጋለት።

ሙሳ ቋጠሮውን አየ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ከዚያ መኮትኮቻውን ጣለና ቁጢጥ አለ።

«እኔ ነበርሁ» አለ። «ውሃውን ለቀቅሁና ሮቃው ሥር ጋደም አልሁ። እንቅልፍ ጣለኝ። ብንን ስል የወሉ ማሳ ሄዷል። ሳልተኛ በፊት ሰላምታህንም ሰምቻለሁ፤ እጄን አንሥቼልሃለሁ። አንተ አላየህም፤ መሬት መሬት እያየህ ነበር የምታልፈው።»

«በል ተነሥ፤ ሄደን እንናገር።»

«የት?» ሙሳ ሳቀ፤ የሚያስቅ ሳቅ አልነበረም። «ሙሄ፣ ስማኝ። አንተ የእህትህን ባል ሰጠህ። እኔ ስጠው አላልሁህም። አጠፋሁ ለማለት ወደ አዳራሹ ስገባ፣ ቀድመህ ስሙን ጠራህ። አላህ ከእኔ ላይ አንሥቶ ሌላ ላይ ያኖረውን መልሼ ልጆቼ ራስ ላይ ልከምረው? እዚህ፣ በሁለታችን መካከል፣ እኔ ነበርሁ። ሰው ፊት ግን አልነበርሁም። በቁርኣን ብታስይዘኝም አልነበርሁም።»

ሙሄ ልመናውንም ቁጣውንም ሞከረ። ሙሳ መኮትኮቻውን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ።

ዐርብ ከጁምዓ በኋላ የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። ሙሄ ሳይጠራ ተነሣ። ጋቢውን እንደተቋጠረ ለብሶ ነው የመጣው።

«ሊቀመንበር፣ ቃሌን መልሱልኝ። ተሳስቻለሁ። በአራተኛው አፍ ያየሁት አብዱረሂምን አይደለም።»

አብዱልሃዲ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አጋደመ።

«ታዲያ ማንን ነው?»

«ሙሳን። ተራ ተዋውሰው ነበር። ቋጠሮውም ይኸው።»

«ሙሳ!»

ሙሳ ተነሣ። «ወላሂ አላውቅም» ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቋጠሮ ይናገራል እንዴ፣ ጓድ ሙሄ?» አለ ሊቀመንበሩ። አንዳንዱ ሳቀ። «እሺ፣ የሙሳን ፊት አይተሃል?»

ሙሄ አላየም። የማንንም ፊት አላየም። «አላየሁም» አለ።

«የአብዱረሂምን አየሁ ብለህ ፈርመሃል። ሽርጡን፣ መፋቂያውን ሳይቀር ተናግረሃል። መፋቂያውን ከየት አመጣኸው?»

«እሱን ነው እኮ የምልህ! ከየት እንደመጣ አላውቅም። ልቤ አመጣው። መምህር ያውቃል።» ሙሄ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «መምህር፣ በሬውን ንገራቸው! ያላነበብኸውን በሬ አይቻለሁ ያልሁትን። ጥቁር ቦቃ ያልሁትን! የሰው ልብ ጎደሎ አይወድም፣ ራሱ ያመጣል ያልኸኝን ንገራቸው!»

«አሁን ደግሞ በሬ መጣ!» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «በሬውም አሻጥረኛ ነው እንዴ?»

አብዱልሃዲ ሳይስቅ ወደ መምህሩ ዞረ። «ጓድ ደምመላሽ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው? ማኅበሩ ያስመዘገበውን ምስክርነት የሚያፈርስ ትምህርት አስተምረሃል?»

መምህሩ ወረቀቱን ይመለከታል። ብዕሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ቆሞ ቀለሙ ተንጠባጠበ፣ ሰፋ። ባለፈው ዓመት በጎረቤት ቀበሌ ያስተምር የነበረው ጓደኛው የት እንደገባ አይታወቅም።

«አላስታውስም» አለ መምህሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ አጭር ነው። አብዱልሃዲ ሁለት ነገር ለስብሰባው አቀረበ፤ ሁለቱም በእጅ ጸደቁ። አንደኛ፣ ጓድ ሙሄ ለእህቱ አዝኖ፣ በቤተሰብ ተመክሮ ቃሉን ሊለውጥ ስለሞከረ፣ ፊተኛው ምስክርነቱ እንደተመዘገበ ይጽና። ሁለተኛ፣ ጓድ ሙሄ የተዋዋሱትን ተራ እንኳ መያዝ እንዳቃተው በራሱ አንደበት ስለተናገረ፣ ከውሃ አባትነት ይውረድ፤ ተራው ከዛሬ ጀምሮ በመዝገብ ይያዝ። እንዲህ ሆነ። ለውሃ የማይታመን ልብ፣ ለእስር ቤት ታመነ። እጅ ሲወጣ ሙሄ ቆጠረ፤ የሙሳም እጅ ነበረበት። መዝገቡን የሚይዘው መምህር ደምመላሽ ነው ተባለ።

አብዱረሂም ሰባት ዓመት ተፈረደበት።

ሙሄ ሦስት ጊዜ ወደ አውራጃው ሄደ። አንዱ ጸሐፊ፣ «አባት፣ የሐሰት ምስክርነት ቅጣቱን ያውቃሉ?» አለው። «አውቃለሁ፤ እሰሩኝና እሱን ልቀቁት።» ጸሐፊው አየውና፣ «ሁለታችሁንም እናስራለን እንጂ መለዋወጥ የለም» አለው። ሙሄ ተመልሶ መጣ።

ሰው ግን ረሳ። መንደር ሲረሳ ፈጣን ነው፤ የሚረሳውንም መርጦ ነው የሚረሳው። በሁለተኛው ዓመት ቦዩ በግሬደር ተቀንቶ አዲስ ተቆፈረ፤ ዘጠኙ አፍ አምስት የሲሚንቶ በር ሆነ፤ ዋንዛው፣ ሮቃውና ሾላው ተቆረጡ። ሙሄ ቆሞ ሲያይ ዋለ። ማታ ዓይኑን ሲከድን ግን አሮጌው ቦይ እንዳለ ነው፤ ዛፎቹም ቆመዋል፣ ሰዎቹም በየቦታቸው ናቸው። በአራተኛው አፍ ከሮቃው ሥር ያለው ሰው ፊቱን ወደ እሱ እንዳዞረ ቀረ። ወደ ጀርባው ሊመልሰው ቢሞክር አቃተው። መምህር ደምመላሽ ተቀይሮ ሄደ፤ ሲሄድ ሊሰናበተው ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሳያንኳኳ ተመለሰ። ሙሳ በወባ ሞተ። ሲሞት ሙሄ አልተጠራም። ሰይዳ ከወንድሟ ጋር አልተነጋገረችም፤ ሰላምታም ቢሆን በልጆቿ በኩል ነው። በየወሩ ስንቅ ቋጥራ በእግሯ ሸዋ ሮቢት ድረስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ፣ ባሏን ልትጠይቅ ትሄድ ነበር። የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «እቅፌ ውስጥ ነበር።» ይህንን ለሰማትም ላልሰማትም ትናገር ነበር።

በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. መስከረም፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በተደረገ ምሕረት አብዱረሂም ተፈታ። አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ቀርቶት ነበር። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ጥርሱ ረግፏል፤ ሲናገር የሰሚውን ፊት እያየ፣ ሰሚው ከተቆጣ ቃሉን ለመለወጥ የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

ሙሄ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሄደ። አብዱረሂም ደጅ ላይ ቁርበት አንጥፎ ፀሐይ ይሞቃል። ሰይዳ ከበሩ ላይ ወንድሟን ስታይ አልሸሸችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ ጠበቀች። ለዓመታት ያለቀሰችለትን ነገር ልትሰማ ነው።

ሙሄ ተንበረከከ። «አብዱረሂም፣ አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ። ለአላህ ብለህ።»

«በምን?» አለ አብዱረሂም። ደንግጦ ሊያነሣው እጁን ዘረጋ። «ይነሡ እንጂ፣ ጋሽ ሙሄ! በምን ነው አውፍ የምልዎት?»

«አላየሁህም። አላየሁህም ነው የምልህ። ሙሳ ነበር። በአፉ ነግሮኛል፤ ውሃውን ለቅቆ እንቅልፍ ጣለው። እኔ የሰው ፊት አላየሁም፤ ተራህ ስለሆነ ልቤ አንተን አቆመህ። ሰው ፊትም ተናግሬያለሁ፣ አልሰሙኝም።»

አብዱረሂም ሕፃን ልጅ እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ሙሳን ይተዉት፣ ምስኪን፤ የሞተ ሰው ነው። እርስዎ ትክክል ነበሩ። መጀመሪያ እኔም አልነበርሁም እል ነበር። ብዙ ጊዜ ጠየቁኝ። በቀን በቀን ጠየቁኝ። ‹በወባ የተያዘ ሰው የት እንደሄደ ያውቃል? ተነሥተህ ሄደህ እንደሆነስ?› አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ትኩሳት ውስጥ ያለ ሰው ምን ያውቃል? ከዚያ ቀስ ብሎ ትዝ ይለኝ ጀመር።»

«ምን ትዝ አለህ?» አለ ሙሄ።

«መሄዴ። ጤዛው እግሬን ሲያርሰኝ። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነበር፣ ጋሽ ሙሄ፤ ትኩሳት ላለበት ሰው ደስ ይል ነበር። ተረከዜን እሾህ ወጋኝና ቆም ብዬ ነቀልሁት። አንዲት ነጭ የሳቢሳ ወፍ ከማዶ ቆማ ታየኝ ነበር። አፉን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደከፈትሁት ብቻ ነው የማላውቀው።»

«ውሸት ነው!» አለ ሙሄ። «ልብህ ያመጣው ነው! አልሄድህም!»

«እንዴት ይሆናል? እያየሁት?»

ሰይዳ ከበሩ ወረደች። ከባሏ ፊት ቁጭ አለችና ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አብዱረሂም። እኔን እየኝ። እኔስ? ራስህን ታቅፌህ አልነበረም? ሦስት ጊዜ ልብስህን አልቀየርሁልህም? ጎህ ሲቀድ ውሃ አጠጪኝ ብለህ በጣሳ አላጠጣሁህም?»

አብዱረሂም አያት። ፈገግ አለላት፤ ጥርስ በሌለው አፉ፣ በፍቅር።

«አንቺማ፣ ሰይዳ፣ ስለምትወጂኝ ነው» አለ።

እጆቿ ከፊቱ ወረዱ። ወደ ሙሄ ዞረች፤ የምትሰድበው መሰለው፣ እንድትሰድበውም ፈለገ። እሷ ግን ተነሥታ ሁለቱንም ትታ፣ በሩን ክፍት እንዳለ ትታ፣ ወደ ማሳው ወረደች። ሙሄም እንደተንበረከከ ቀረ።